የኦቦ ቀንዓ ባቄላ

የሰፈሬን ሰው እወደዋለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ሐሜት ስለሚመስል ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለው የአምቦ ሰፈራችን መቶ ሃያ ቤት ነበረው፤ ቦኖ ግን አንድም አልነበረውም። የምንጠጣው ሁሉቃን ነበር። ከላይ ከብት ይገባበታል፣ ከመሃል ልብስ ይታጠብበታል፣ ከታች እኛ እንቀዳለን። እኔ እንግዳወርቅ፣ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነኝ። ሰፈርተኛው «ሲስተር» ይለኛል፤ ቁስል አጣቢ ነኝ እንጂ ሲስተር አይደለሁም ብል ብል ሰሚ አጥቼ ትቼዋለሁ። ሰኞ ሆዱን የታመመ ሕፃን አክሜ እሸኛለሁ፤ ሐሙስ እናቱ ያንኑ ሕፃን አዝላ ትመለሳለች። መድኃኒቱን የሚውጠው በዚያው ውሃ ነዋ። አንዱን ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያከምኩት ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ለአንድ ቦኖ የሚበቃ ቧንቧ ተገኝቷል፤ ቀዳሚው የእናንተ ሰፈር ነው ይላል። ነገር ግን ነዋሪው ተሰብስቦ የቦኖ ጠባቂ መምረጥ አለበት። ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ሆኖ፣ ከቤቶቹ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ሰማንያው ካልመረጡ ምርጫው አይቆጠርም። ቃለ ጉባኤው እስከ ሰኔ አራት ሰኞ ካልቀረበ ቧንቧው ከገበያው በላይ ላለው ሰፈር ይሄዳል። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። ሰማንያ ሰው ማግኘት ምን ይቸግራል ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ግንቦት ሃያ ስድስት እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እድሩ ግቢ ተሰበሰብን። ሰዓቱን ለመወሰን ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል፤ የማርያም ሰዎች ቅዳሴ ጨርሰው ምሳቸውን በልተው ሲያንቀላፉ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ገና መዝሙር ላይ ናቸው። ስምንት ሰዓት ለሁሉም እኩል የማይመች ስለሆነ ተስማማንበት። ከሰማንያ ስድስት ቤት ሰው መጣ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ጸሐፊ እኔ ሆንኩ፤ የእድራችን ዳኛ አቶ አመዩ ደግሞ ስብሰባውን መሩት።

ሦስት ሰዎች ተጠቆሙ። አንደኛው ኦቦ መርጋ ባለጋሪው ናቸው። ሌሊት ምጥ የያዛት፣ ቀን ዛፍ ላይ ወጥቶ የተሰበረ፣ ሁሉም ሆስፒታል የደረሰው በእርሳቸው ጋሪ ነው። ቸር ሰው ናቸው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ላይ ናቸው፤ መቼ ቆመው ቦኖ ሊጠብቁ? ሁለተኛው ሌታ ልብስ ሰፊው ነው። ሰው አያስቀይምም፤ ለፋሲካ የሰጣችሁትን ጨርቅ ለመስቀል ያደርስላችኋል፤ ያውም እየሳቀ። ሦስተኛዋ አዴ ድንቅቱ፣ ቦኖው ሊቆም የታሰበበት ቦታ አጠገብ ቅመም የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ምላሷ ከሚጥሚጣዋ ይብሳል። በለቅሶ ቤት ወጥ ስታወጣ ለባለሥልጣንም ለሥራ ፈትም አንድ አንድ ጭልፋ ነው፤ የሚለምናትም የሚያስፈራራትም ያው አንድ ጭልፋውን ይዞ ይሄዳል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ለቦኖ የምትሆነው እርሷ መሆኗን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነበር። ማክሰኞ ስብሰባ፣ ሐሙስ ስብሰባ፤ ሁሉም ነገር የሚያልቀው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ነው። እጃችን ከመልመዱ የተነሳ «የምትደግፉ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይወጣል።

«ኦቦ መርጋን የምትደግፉ» አሉ አቶ አመዩ። እጅ ሁሉ ወጣ። ኦቦ መርጋ እዚያው ቆመው እያዩ ማን እጁን ይሰበስባል? ቆጠርኩ፤ ሰማንያ አራት።

«ሌታን የምትደግፉ።» ሰማንያ አራት።

«አዴ ድንቅቱን የምትደግፉ።» ሰማንያ አራት።

ከሰማንያ ስድስቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጎደሉ። አንዱ ተመራጩ ራሱ ነው፤ ለራሱ እጅ ማውጣት አፍሮ። ሌላው ኦቦ ቀንዓ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረው ሰማይ ሰማዩን ሲያዩ ነበር። እርሳቸውን በሆዴ እያማሁ ቃለ ጉባኤውን በደንብ አድርጌ ጻፍኩ፤ ሦስቱም እኩል ስለሆኑ ሦስቱም ይጠብቁ አልን፤ አጨበጨብን፤ ተበተንን።

በማግስቱ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ስንት ሰው ነው የተሰበሰበው?»

«ሰማንያ ስድስት።»

«ድምፁ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ነው። ለመሆኑ በእናንተ ሰፈር አንድ ሰው ስንት እጅ አለው?»

«ሁለት» አልኩት።

«በሁለትም ቢሆን መቶ ሰባ ሁለት ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። «ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው የተባለው፤ ሂዱና ምረጡ። ሰኞ እጠብቃለሁ።»

ድልድዩን እስክሻገር ድረስ ራሴን እየሰደብኩ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን አዴ ጉዴን ያዝኩና ለምን ለሦስቱም እጅዎን አወጡ አልኳቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አሮጊት ናቸው።

«ያ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «መርጋ ልጄን ከሞት አትርፎልኛል። ሌታ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያየኝ ነው። ድንቅቱን ደግሞ እፈልጋታለሁ። ታዲያ የቱን ልተው?»

ለቀቅኳቸው። ምክንያቱም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ሦስቴ አውጥቻለሁ። ያን ለታ ነው የገባኝ፤ ለሁሉም እጁን ያወጣ ሰው ኦቦ ቀንዓን የሚያማበት አፍ የለውም። እርሳቸው ለማንም አልመረጡም፤ እኛም ለማንም አልመረጥንም፤ ልዩነቱ የእኛ ክንድ መድከሙ ብቻ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ባቄላ ገዛሁ። ከእድሩ ዕቃ ቤት ሦስት ትንንሽ ጋኖች አስወጣሁ፤ ከክሊኒኩ ኃላፊዬን ለምኜ ለመርፌ የምንጋርድበትን የጨርቅ መከለያ ተዋስኩ። ጋኖቹን ከመከለያው ጀርባ ደረደርኳቸውና ማንበብ የማይችልም እንዳይቸገር ምልክት አደረግሁባቸው። አንዱ ላይ የኦቦ መርጋን አለንጋ፣ አንዱ ላይ የሌታን ሜትር፣ አንዱ ላይ የአዴ ድንቅቱን ሻሽ። እያንዳንዱ ቤት ከእኔ አንድ ባቄላ ይቀበላል፤ ብቻውን ይገባል፤ ከወደደው ጋን ይጨምራል። መጀመሪያ ስንሞክረው ባቄላዋ ጋኑ ውስጥ ስትወድቅ ኳ አለች፤ ውጭ የቆመው ሌታ «ይሄ የግራው ነው» አለ። ስለዚህ ደንብ ወጣ። ማንም ባቄላ አይወረውርም፤ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።

ሰኔ ሦስት እሑድ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። የእድሩን ድንኳን ተከልን። የመጀመሪያዋ ገቢ አዴ ጉዴ ነበሩ፤ መከለያውንና እኔን አንድ ላይ ሲያዩ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰብስበው ገቡ። መርፌ አይደለም ብላቸው «ምን ቸገረኝ፣ እጅ መክተቻ አይደል?» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው እየሳቀ እየተጋፋ ገባ፤ ከዚያ ዝናቡ መጣና መግባቱ ቆመ።

መዝገቡን ቆጠርኩት፤ ሰባ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርኩት፤ ሰባ ዘጠኝ። ባለፈው እሑድ የነበሩት አንዳንዶቹ ጉደር ሠርግ ሄደዋል፤ ሌሎቹ «ባለፈው ሦስቴ አውጥቻለሁ፣ ይበቃል» ብለው ቤታቸው ተኝተዋል፤ የቀሩት ደግሞ እያንዳንዳቸው «ያለ እኔም ይሞላል» ብለዋል። ያለ እኔም ይሞላል የሚል ሰው ሲበዛ ነገሩ እንደማይሞላ የሚያውቀው የሚቆጥረው ሰው ነው። ወጣቶቹ ቤት ለቤት ዞሩ፤ ወይ በሩ ተዘግቷል፣ ወይ ባለቤቱ ጉደር ነው። አሥር ሰዓት ሆነ። ጨለማ ሳይመጣ መዝጋት አለብን።

«አንድ ባቄላ ነው» አሉ አቶ አመዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛው እንጨምራት። ማን ያውቃል?»

እኔን ጠይቁኝ፤ ልጨምር ነበር። ያ ሦስት ጊዜ ያከምኩት ሕፃን ታየኝ፤ ባቄላዋም በእጄ ነበረች። አዴ ድንቅቱ ከኋላዬ መጥታ እጄን በጥፊ መታችው፤ ባቄላዋ ጭቃ ውስጥ ወደቀች።

«በውሸት ባቄላ ጠባቂ አልሆንም» አለች። «ነገ ወረፋ ጠብቁ ብዬ ስናገር፣ አንቺስ ያለ ወረፋ አይደል የገባሽው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሰባ ዘጠኙም ውሸት ይሆናል። ሂጂና ሰው አምጪ።»

ተናደድኩባት። ልክ ስለነበረች ይበልጥ ተናደድኩ። ያልሄድንበት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የኦቦ ቀንዓ። ሄደን ምን እናደርጋለን ብለን ትተነዋል። ባቄላዋን ከጭቃው አንስቼ ጠረግኋትና በዝናቡ ወጣሁ።

ኦቦ ቀንዓ በራቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። አጠገባቸው በሁሉቃ ውሃ የተሞላ እንስራ አለ፤ ልጃቸው ዱሬቲ ናት በየቀኑ የምትቀዳላቸው። ዱሬቲ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ክትትል የማደርግላት እኔ ነኝ።

«አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ቀንዓ» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ፋያ። ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ፣ ሲስተር። አልችልም።»

«ለምን አይችሉም?»

ገመዱን አስቀመጡ። «ባሕር ዛፌን ታውቂያለሽ?»

«የትኛውን?»

«አየሽ፣ አታውቂውም። ምክንያቱም የለም።» ዝናቡን እያዩ ነገሩኝ። «በስልሳ ዘጠኝ ስብሰባ ተጠራን። ከጠዋት ጀምሮ ንግግር ነው። እኔ ሌሊቱን ከጅብ ጋር ስጨቃጨቅ አድሬ እንቅልፍ ይዞኛል። አንድ ሰው 'የምትደግፉ' ሲል ነቃሁ፤ እጄን አወጣሁ። አጨበጨቡልኝ። ጎኔ የነበረውን፣ ምንድን ነው የደገፍኩት አልኩት። 'ለአዳራሹ መሥሪያ የቀንዓ ባሕር ዛፍ ይቆረጥ' የሚል ነው አለኝ። በገዛ እጄ፣ ሲስተር። መጀመሪያ ያወጣሁት እንዲያውም እኔ ነበርኩ።»

ሳቄን ለመዋጥ ጉንጬን ነከስኩ፤ አልሆነልኝም። ደግነቱ እርሳቸውም ሳቁ። ቆይተው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የቆጨኝ ዛፉ አይደለም። ቢጠይቁኝ ግማሹን እሰጥ ነበር። የቆጨኝ፣ እጄ ከእኔ ተለይቶ ለብቻው መሄዱ ነው። ያን ለታ በእግዚአብሔር ፊት ማልኩ፤ ይህን እጅ ዳግመኛ በስብሰባ ላይ አላወጣም አልኩ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። መሐላ ነው፤ አታስፈርሺኝ፣ ማሎ።»

ማሎ ሲሉ እየለመኑኝ ነው፤ ሽማግሌ ሲለምን ደግሞ ሰው ይጨንቀዋል። ተነስቼ ልሄድ ስል እንስራውን አየሁት። ውሃው የወተት ሻይ መስሏል።

«ዱሬቲ ዛሬም ወረደች?» አልኳቸው።

«ጠዋት። ዳገቱ አዳልጧት በጉልበቷ ወድቃለች። ደህና ናት።» ቀና ብለው አላዩኝም።

«ኦቦ ቀንዓ፣ የማሉት እጅ ላያወጡ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«የዛሬው እጅ አይወጣም። ጋን ነው፤ እጅዎን ወደ ታች ያስገባሉ። ማንም አያይዎትም፤ ማንም አያጨበጭብም። ምን እንደሚደግፉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰባ ዘጠኝ ሰው መርጧል። ሰማንያኛው ከጠፋ ነገ ቧንቧው ከገበያው በላይ ይሄዳል።»

ቀኝ እጃቸውን አዩት፤ ወደ ላይ አነሱት፣ ደንግጠው ቶሎ ወደ ታች አወረዱት።

«ወደ ታች ነው ያልሽው?»

«እስከ ክንድ ድረስ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው እኔን ነው የሚጠብቀው?»

«እርስዎን ብቻ።»

ጋቢያቸውን አንስተው ተነሱ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ጠብቆኝ አያውቅም» አሉ።

ድንኳኑ ስንደርስ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። ባቄላዋን ሰጠኋቸው፤ ከመከለያው ጀርባ ገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሌላው ሰው ለአንድ ጸሎተ ሃይማኖት ያህል እንኳ አልቆየም፤ እርሳቸው ግን ሦስቱንም ጋን እየዞሩ ሲያስቡ ጥላቸው በጨርቁ ላይ ይታየን ነበር። ከዚያ ጥላው ጎንበስ አለ።

ሲወጡ ክንዳቸውን እያሻሹ «እንዳትጠፋ ከታች ነው ያስቀመጥኳት» አሉ።

«ባቄላ አለቀ ቢሉ...» ብሎ ሌታ ተረቱን ጀመረ፤ ሴቶቹ ሳይጨርሰው በፊት አፉን አስያዙት። ጋኖቹን ሰፌድ ላይ ገለበጥን፤ ሰው ሁሉ እያየ ቆጠርኩ። ኦቦ መርጋ አሥራ ሰባት። ሌታ አሥራ አንድ። አዴ ድንቅቱ ሃምሳ ሁለት። ሰማንያ።

ሁላችንም ኦቦ መርጋን ማየት ፈራን። እርሳቸው ግን አለንጋቸውን ከጋኑ ላይ አንስተው ሲስቁ ድንኳኑ ተናወጠ።

«የእኔም ባቄላ ድንቅቱ ጋ ናት» አሉ። «ስትጠቁሙኝ እምቢ ማለት አፍሬ ነው እንጂ ፈረሴን ማን ሊነዳልኝ? ባለፈው እሑድ ሰማንያ አራት እጅ ሳይ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ።»

እኛ እርሳቸውን እንዳናስቀይም፣ እርሳቸው እኛን እንዳያስቀይሙ፣ እንዲህ ስንከባበር ቧንቧችንን ለሰው ልንሰጥ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ጸሐፊው ደመረ፤ ደግሞ ደመረ፤ «አሁን ለአንድ ሰው አንድ እጅ ሆነ» አለና ማኅተሙን መታ። ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ሁሉቃን አየሁትና በልቤ ተሰናበትኩት።

ቦኖው የተከፈተው መስከረም ላይ ነው። አዴ ድንቅቱ ከፈራነው በላይ ሆነች፤ ከብት በአጠገቡ አታሳልፍም፣ እግር አታሳጥብም፣ እንስራ እንደአመጣጡ ብቻ። እኔን እንኳ ከሥራ ደክሜ ስመጣ «ሲስተርም ብትሆኚ ወረፋ ነው» ብላ መልሳኛለች። በክሊኒኩ ግን ያ ሕፃን ከጥቅምት በኋላ አልመጣም፤ ደህና መሆኑን ያወቅሁት መንገድ ላይ ድንጋይ ሲወረውርብኝ ነው።

በዚያው በመስከረም አንድ ቀን ጠዋት ኦቦ ቀንዓ ጀሪካን ይዘው መጡ። ዱሬቲ ወልዳ አራስ ቤት ናት፤ ቦኖው ደግሞ ቅርብ ስለሆነ ራሳቸው ይቀዱ ጀምረዋል። ወረፋው ረጅም ነበር። ዕድሜያቸውንም ጋቢያቸውንም ተማምነው ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሄዱና ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ስር አስቀመጡ። አዴ ድንቅቱ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው።

«ወደ ኋላ፣ ኦቦ ቀንዓ።»

«እኔን?» አሉ ጮክ ብለው። «ሰማንያኛው እኔ እኮ ነኝ! እኔ ባልመርጥሽ እዚህ ትቆሚ ነበር?»

እርሷ ወገቧን ይዛ አየቻቸው።

«ታዲያ ምን እንድሠራ ነው የመረጡኝ?»

ኦቦ ቀንዓ ወረፋውን ዞረው አዩት። አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ፤ ጀሪካናቸውን አንስተው በረጅሙ ወረፋ ጎን እየተራመዱ ወደ መጨረሻው ሄዱ። እኔ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበርኩ። ከኋላዬ ቆሙና ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አየሽ፣ ሲስተር?» አሉኝ። «ባቄላዬ ሠራች።»